ስተፊንግ፦ ተርኪው ሆድ ውስጥ ወይስ በትሪ?

ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ የመጀመሪያውን ስተፊንግ (ከተርኪ ጋር የሚቀርበውን የዳቦ ምግብ) የሠራሁ ዓመት አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ሜሪላንድ እኔ ጋ ነበሩ። ተርኪው፣ ያ ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ሁሉም ሳህኑን ያዘ። አክስቴ ማንኪያውን ከማንሣታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ቅቤ አለበት?» አለበት። እንቁላልም አለበት። የዶሮ መረቅም አለበት። ይባስ ብሎ የበሰለው ተርኪው ሆድ ውስጥ ነው። ጾመ ነቢያት ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር። ያን ዕለት ሰላጣና ዳቦ በልተው ተነሡ።

በዓመቱ ለብቻ ትሪ ሠራሁላቸው፤ በዘይትና በእንጉዳይ። አንድ ጉርሻ ቀመሱ፣ ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዚያ «አንቺ፣ ይሄ እኮ የዳቦ ፍርፍር ነው» አሉኝ። ካነበብኩት የምግብ አሠራር ሁሉ ይሄ ይበልጥ ገባኝ።

እውነት ነው፣ ስተፊንግ የአሜሪካኖች ፍርፍር ነው። የደረቀ ዳቦ ይቆረሳል። ቀይ ሽንኩርትና ሴለሪ በቅቤ ይቁላላል። ቅጠላቅጠል ይገባል። መረቅ ይፈስበታል፣ ብዙ ጊዜም እንቁላል። ከዚያ ይጋገራል። ፍርፍር የሚሠራ ሰው እጁ ላይ ግማሹን እውቀት ይዟል ማለት ነው። የቀረው ምርጫ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ሆዱ ውስጥ ወይስ በትሪ?

መጀመሪያ የሚወሰነው ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይከተላል። የኔን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር፦ በትሪ።

የዚያን ዓመት ጉዴን ልንገራችሁ። ተርኪው 14 ፓውንድ ነው። ሆዱን እስኪበቃው ጠቅጥቄ ሞላሁት፤ ዶሮን በእንቁላል የምናሳምር ሰዎች ነንና ባዶ ቦታ ማየት አይሆንልኝም። ሰዓቱ ደርሶ ቴርሞሜትሩን ጡቱ ላይ ስሰካ 165 ፋራናይት አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ስተፊንጉ መሃል ሰካሁት፤ 138። እንግዳው ሁሉ ተቀምጧል። መልሼ ከተትኩት፣ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅሁ። ስተፊንጉ በመጨረሻ በሰለ፤ ጡቱ ግን ጥጥ ሆነ። ውኃ እየጠጡ ዋጡት፤ ማንም ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ነው የባሰው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማወቅ የተርኪውን ቅርጽ ማሰብ ይበቃል። ሙቀቱ የሚመጣው ከውጭ ነው። ስተፊንጉ ያለው መሃል ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም ዘግይቶ ይሞቃል። በዚያ ላይ ከጥሬ ሥጋው የሚወርደው ፈሳሽ ወደ ዳቦው ይገባል፤ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ጀርም ካለ አብሮት ይገባል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ስተፊንጉም እንደ ሥጋው 165 ፋራናይት፣ ማለትም 74 ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት የሚለው ለዚህ ነው። ዳቦው 165 እስኪደርስ ጡቱ ብዙውን ጊዜ አልፎ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አስተካክሎ ማድረስ ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዓል ደግሞ የልምምድ ቀን አይደለም።

ታዲያ ሆዱ ውስጥ የሚያበስል ሰው ምን ያገኛል? ጣዕም። ይሄን መካድ አይቻልም። የሥጋው ጭማቂና ስብ ወደ ዳቦው ስለሚወርድ ለስላሳና ጥልቅ ጣዕም ያለው ይሆናል። አሜሪካዊት ጎረቤቴ «ትሪ ላይ የተሠራ ስተፊንግ አይደለም» ትላለች። በነገራችን ላይ በአሜሪካ ደቡብ ክፍለ ሀገሮች ብዙ ሰው ይህን ምግብ «ድሬሲንግ» ነው የሚለው። አንዳንዶች ሆድ ውስጥ ሲሆን ስተፊንግ፣ ትሪ ላይ ሲሆን ድሬሲንግ ይባላል ይላሉ፤ ሰው የሚጠራው ግን ባብዛኛው እናቱ በምትጠራበት ስም ነው።

ሆዱ ውስጥ ካላደረግሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ከሆነ፣ እንዲህ አድርጉ። የምትሞሉት ሊጋገር ሲል እንጂ ከማታው አይደለም። ደረቁንና እርጥቡን ለየብቻ አስቀምጡ፤ መቀላቀል በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። ለአንድ ፓውንድ ተርኪ ሦስት አራተኛ ኩባያ ይበቃል፤ ለ12 ፓውንድ 9 ኩባያ ገደማ መሆኑ ነው። አትጠቅጥቁት፤ ዳቦው ሲሞቅ ያብጣል። ኦቭኑ ከ325 ፋራናይት በታች አይሁን። ጊዜም ጨምሩ፦ በ325 ከ12 እስከ 14 ፓውንድ የሆነ ባዶ ተርኪ ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከ45 ይፈጃል፤ የተሞላው ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4። ሲወጣ 20 ደቂቃ አሳርፉትና ስተፊንጉን በሙሉ አውጡ፤ ሆዱ ውስጥ ትታችሁ ፍሪጅ አታስገቡት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ተርኪውን አትጠቡት። አውቃለሁ። ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሳይታጠብ አይበላም ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ አገር የሚመክሩት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ውኃው ሲረጭ ጀርሙን በሲንኩና በአካባቢው ላይ ይበትነዋል፤ እሳቱ ግን ይገድለዋል። እናቴ ይሄን ብትሰማ ቤቴ ምግብ አትቀምስም ነበር።

ወደ ትሪው ልመለስ። ትሪው ጣዕም ያጣል የሚባለውን በሁለት መንገድ መካስ ይቻላል። አንደኛ፣ ከተርኪው ጋር በከረጢት ታሽጎ የሚመጣውን አንገትና የሆድ ዕቃ አትጣሉት። ጉበቱን ለይታችሁ፣ መረቁን ያመርረዋልና፣ ሌላውን ከግማሽ ሽንኩርትና ከአንድ ሴለሪ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል አፍሉት። ከካርቶን መረቅ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ፣ ተርኪው ሲወጣ ከሥሩ ከተጠራቀመው ስብና ጭማቂ አንድ ጭልፋ ስተፊንጉ ላይ አፍስሱና መልሳችሁ ኦቭን ክተቱት።

ትሪው የሚሰጠው ደግሞ ሆዱ የማይሰጠው ነገር አለ፦ ቅርፊት። ላዩ ቡናማ ሆኖ ኩርሽ ኩርሽ ይላል፣ ሥሩ ለስላሳ ነው። ልጆቼ የሚጣሉት ለማዕዘኑ ነው። በዚያ ላይ እንደፈለጋችሁ ታበዛላችሁ፣ ሁለት ዓይነት ትሠራላችሁ። ተርኪውን በዘይት ለሚጠብስ፣ ጀርባውን ሰንጥቆ ለሚዘረጋ፣ ወይም ጡቱን ብቻ ለሚገዛ ከትሪ ሌላ ምርጫም የለውም።

ዳቦው

እንጀራ ትኩስ ሆኖ ከፈረፈራችሁት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ድርቆሽ ከሆነ ግን ወጡን ይጠጣል፣ ቅርጹንም አይለቅም። ዳቦም ያው ነው። የትኛውም ዳቦ ይሁን፣ ድርቆሽ ካልሆነ ገንፎ ነው የምታወጡት።

ሁለት የማድረቂያ መንገድ አለ። ቆራርጦ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሳይሸፍኑ መተው አንዱ ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን ዳቦው ይጠነክራል እንጂ ሁልጊዜ በደንብ አይደርቅም፤ እርጥበት ባለበት ቤት ጭራሽ አይሆንም። ኦቭን ይሻላል። በአውራ ጣት ጫፍ ልክ ቆራርጡት፣ ሰፊ ትሪ ላይ በትኑት፣ በ275 ፋራናይት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ መሃል ላይ አንዴ እያገላበጣችሁ። እንዲቀላ አይደለም የምንፈልገው። አንዱን አንሥታችሁ ስትሰብሩት መሃሉ ጭምር ቀጭ ካለ ደርሷል።

ከዳቦዎቹ መካከል፣ ተራው የሳንድዊች ነጭ ዳቦ ርካሽ ነው፣ መረቅም ቶሎ ይጠጣል። የድሮ የቤት ስተፊንግ ጣዕም የሚባለው ያ ነው። ግን ለስላሳ ስለሆነ መረቅ ትንሽ ከበዛበት ይጨማለቃል። ሳወርዶ ወፍራም ነው፣ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ቅርጹን በደንብ ይይዛል። እንጀራ ላደገበት ምላስ እሱ ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ። ብዙውን ጊዜ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ብቻ ስለሆነም ለጾም ይመቻል። ሃላ እንቁላል ያለበት የአይሁዶች ዳቦ ነው፤ ብሪዮሽ ደግሞ ቅቤም እንቁላልም። ሁለቱም ጣፋጭና ሀብታም ስተፊንግ ያወጣሉ፤ ለኔ ለስተፊንግ ትንሽ ይበዙብኛል።

የበቆሎ ዳቦ ለብቻው ዓለም ነው። የደቡቡ፣ በተለይም የጥቁር አሜሪካውያን የበዓል ገበታ ያለሱ አይሞላም። ለዚህ የሚሆነው ስኳር የሌለበት ወይም ትንሽ ብቻ ያለበት ነው፤ ከሳጥን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ኬክ የመሰለ ጣፋጭ ነውና ተጠንቀቁ። የበቆሎ ዳቦ በቀላሉ ይፈርሳል፤ ስለዚህ እንቁላል ይፈልጋል። እኔ ስጀምር ግማሽ በግማሽ ከሳወርዶ ጋር ቀላቅዬ ነበር፤ እስካሁንም እንደዚያው ነኝ።

ድፎ ዳቦ ተርፏችሁ እንደሆነ እሱም ይሆናል። ገመናው ጥቁር አዝሙዱ ነው፤ ሴጅ ከሚባለው የስተፊንግ ቅጠል ጋር ሲገናኝ ጣዕሙ ይጋጫል። ሴጁን ቀንሱ።

የሳጥኑስ?

በሳጥን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ስተፊንግ አልንቀውም። «ስቶቭ ቶፕ» የሚባለው በ1972 ከጄነራል ፉድስ ኩባንያ ሲወጣ የምግብ ባለሙያዋ ሩት ሲምስ ከቡድኗ ጋር የፈታችው እንቆቅልሽ ይሄው የኛው የድርቆሽ ነገር ነበር። የደረቀው ዳቦ ፍርፋሪ መጠኑ ምን ያህል ይሁን? ካነሰ ገንፎ ይሆናል፤ ከተለቀ ውኃውን እኩል አይጠጣም። አገኙት። በፈላ ውኃና በቅቤ አምስት ደቂቃ፣ አለቀ።

ከሥራ ወጥታችሁ በማግስቱ ሥራ ለምትገቡ፣ ለሁለት ሰው ለምታበስሉ፣ ሳጥኑ ነውር የለውም። ሽንኩርትና ሴለሪ ለብቻ አቁላልታችሁ ብትጨምሩበት ማንም አያውቅባችሁም። ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ ጨው፤ ተጨማሪ ጨው ከቶ አትጨምሩበት። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የዶሮ ዱቄት ወይም መረቅ አለባቸው፣ «አትክልት» የሚመስለው ሳይቀር። ለሚጾም ሰው ከማቅረባችሁ በፊት ከጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። በመካከል ያለ መንገድም አለ፤ ደርቆ የተቆራረጠ ዳቦ በከረጢት ይሸጣል። ቅመም ያልተነካውን ከገዛችሁ ከማድረቁ ብቻ ትገላገላላችሁ፣ ሌላው የራሳችሁ ነው። ጊዜ ላጠረው ሰው ከሳጥኑ ይልቅ ይሄን ነው የምመክረው።

የጾሙ ትሪ

ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ በሕግ የተወሰነው በ1941 ነው። ስለዚህ ከ22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ይውላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 24፣ በአንዳንድ ዓመት 25። ውጤቱ፦ ብዙውን ጊዜ ተርኪው የሚወጣው ጾም ገብቶ ነው። የሚበላና የማይበላ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ «እንግዲህ አንድ ቀን ነው» ብሎ ይበላል፣ አንዳንዱ አይነካም። የማንም የቤት ጣጣ ነው፣ አልገባበትም። የማውቀው ስተፊንጉ ተርኪው ሆድ ውስጥ ከገባ ለሚጾመው ሰው አለቀለት። ትሪውን የመረጥኩበት ትልቁ ምክንያት ከሙቀቱም በላይ ይሄ ነው።

የጾሙ ስተፊንግ የበላተኛው ታናሽ እንዳይሆን፣ የሚያስፈልገው ቅቤው የሚሰጠውን ውፍረት ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። እንጉዳይ ነው መልሱ። አንድ ፓውንድ ቆራርጣችሁ፣ ውኃው ወጥቶ እስኪተንና ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን በወይራ ዘይት ጥበሱት። አትቸኩሉ፤ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። መረቁን ከሽንኩርት፣ ከካሮት፣ ከሴለሪና ከእንጉዳዩ ግንድ አፍሉ።

ለእንቁላሉ ምትክ ተልባ አለ። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ ብታስቀምጡት ይዝለገለጋል፤ አንድ እንቁላል ይተካል። ፈረንጆች ይሄን እንደ አዲስ ግኝት ሲያወሩት እሰማለሁ። እኛ ቤት ተልባ በየጾሙ አለ።

ዳቦውን ፈትሹ። በሱፐርማርኬት የሚሸጥ ለስላሳ ዳቦ ወተት ወይም የወተት ተዋጽኦ ሊኖርበት ይችላል። ማንኪያችሁንም ለዩ። አክስቴ መጀመሪያ የሚያዩት ጭልፋውን ነው።

ሥጋ፣ ፍራፍሬና ቅጠል

ከሥጋ በጣም የተለመደው የቁርስ ቋሊማ ነው፤ እሱም በአብዛኛው አሳማ ነው። ለኛ ለብዙዎቻችን፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ እዚያው ያበቃል። በተርኪ ወይም በበሬ ቋሊማ ተኩት። ግን የዶሮና የተርኪ ቋሊማ አንዳንዱ የሚጠቀለልበት ሽፋን ከአሳማ አንጀት የተሠራ ነው፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እዩ፣ ወይም ሽፋን የሌለውን ግዙ። ሙስሊም እንግዳ ካላችሁ ተርኪው ብቻ ሐላል መሆኑ አይበቃም፤ መረቁም የዚያው መሆን አለበት።

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ ባሕር ዳርቻ፣ አይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል ሥጋ ይጨምራሉ። አንዴ ቀምሻለሁ፤ ይብቃኝ። ኮምጣጣ ፖም ከደረቀ ክራንቤሪ ጋር ጥሩ ነው፣ በተለይ ዳቦው የበቆሎ ሲሆን፤ አንድ ፖምና ግማሽ ኩባያ ክራንቤሪ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ጣፋጭ ይሆናል።

ከቅጠሎቹ ሴጅ ዋናው ነው፤ «የታንክስጊቪንግ ሽታ» የሚባለው እሱ ነው። ግን ኃይለኛ ነው፣ ሲበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ለአንድ ፓውንድ ዳቦ ሁለት ማንኪያ የተከተፈ እርጥብ ሴጅ፣ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ። ታይም የኛ የጦስኝ ዘመድ ነው፤ አገር ቤት ለሻይ የምናፈላው ካላችሁ ትንሽ ጣል አድርጉ፣ ያምራል። የጥብስ ቅጠል አንድ ዘለላ ብቻ።

ንጥር ቅቤስ? ሞክሬዋለሁ። ሙሉ በሙሉ በሱ ከተሠራ ኮረሪማው ሴጁን ይውጠዋል፤ ስተፊንግ ሳይሆን ጨጨብሳ ሆኖ ይወጣል። ጨጨብሳ እወዳለሁ፣ ግን ከተርኪ ጋር አይደለም። አንድ ማንኪያ በተራው ቅቤ ላይ ብትቀላቅሉ ይታገሣል።

መጠኑና እርጥበቱ

ለስምንት ሰው የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ ፓውንድ ዳቦ፣ ደርቆ። ግማሽ ኩባያ ቅቤ፣ ማለትም አንዱ ዱላ። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ዘንግ ሴለሪ። ሁለት ኩባያ ተኩል መረቅ። ሁለት እንቁላል። ለጾሙ ቅቤው በሲሶ ኩባያ ዘይት፣ እንቁላሉ በተልባ ይተካል፤ መረቁን ወደ ሦስት ኩባያ ከፍ አድርጉት።

ሽንኩርቱን እንደ ወጥ አታቁሉት። ለስልሶ ግልጽ ሲል ይበቃል፤ ከቀላ ጣፋጭ ይሆናል። መረቁ ትኩስ ሳለ እንቁላሉን አትጨምሩ፤ ይረጋባችኋል። ለብ ሲል ምቱበት።

መረቁን በአንዴ አታፍስሱ። መጀመሪያ ሁለት ኩባያ። ከታች ወደ ላይ በእጃችሁ አገላብጡ፣ አሥር ደቂቃ ተዉት። ከዚያ አንድ እፍኝ አንሥታችሁ ጨበጥ አድርጉ። ስትከፍቱት ቅርጹን ይዞ ከተቀመጠ ደርሷል። ከተበተነ ጨምሩ። በጣታችሁ መሃል መረቅ ከወረደ አልፏል፤ ደረቅ ዳቦ ካስተረፋችሁ ጣል አድርጉበት። ሆዱ ውስጥ ለሚገባው ግን መረቁን ግማሽ ኩባያ ያህል አሳንሱ፤ ሥጋው የራሱን ይጨምራል። ተሞላም አልተሞላ ጨውን ከመጋገር በፊት አስተካክሉ፤ እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት ቅመሱ።

ዘጠኝ በ13 ኢንች ትሪ፣ 350 ፋራናይት። 30 ደቂቃ በፎይል ተሸፍኖ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ተገልጦ። እንቁላል ወይም ሥጋ ካለበት መሃሉ 165 መድረሱን በቴርሞሜትር እዩ።

ኦቭናችሁ አንድ ብቻ ከሆነ አትጨነቁ። ተርኪው ከወጣ በኋላ ከመቆረጡ በፊት 30 ወይም 40 ደቂቃ ቢያርፍ ይሻለዋል። በዚያ ሰዓት ኦቭኑን ወደ 350 ከፍ አድርጋችሁ ትሪዎቹን አስገቡ፤ ላዩን ለማቅላት አሥራ አምስት ደቂቃ ቢጎድል ሥጋውን እስክትቆራርጡ ይሞላል። የጾሙ ትሪ ከላይኛው መደርደሪያ ይሁን፤ የሌላው ስብ እንዳይፈናጠርበት።

በረዶ የሆነ ተርኪ ከገዛችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለየ4 ወይም 5 ፓውንዱ አንድ ቀን ይቀልጣል፤ 14 ፓውንዱ እሑድ መግባት አለበት። ረቡዕ ማታ ዳቦውን አድርቁ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታችሁ ፍሪጅ ክተቱ። መቀላቀሉ የሐሙስ ነው።

የተረፈው ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ፍሪጅ ይግባ፤ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። እኛ ቤት ግን ከዓርብ ጠዋት አያልፍም። ቀዝቃዛውን በቢላ ቆርጣችሁ በጋለ መጥበሻ ላይ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ ሥሩ እስኪቀላ አትንኩት፣ ገልብጡት፤ ለሚበላው እንቁላል ላዩ ላይ፣ ለሚጾመው ሚጥሚጣ።